የኋላ ጥርስ ቁመትና የአፍ አገጣጠም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)





በዛሬው በዓል የሳይንስ ክበባችን አንድ ንግግር እንዲያሰማ በታዘዘ ጊዜ ከመካከላችን ብዙዎቹ ስለ ጨረቃ ጉዞ ወይም ስለ አቶም ኃይል ብንናገር ይሻላል ብለው ነበር፤ ነገሩ ከፍ ያለ ይመስላልና። በመጨረሻው ግን ሁላችንም በአፋችን ይዘነው ስለምንዞረው ስለ ጥርስ፣ ከጥርስም ማንም በመስተዋት ስለማያየው ስለ ኋለኛው መንጋጋ ቁመት ለመናገር ቈረጥን። እንድንቈርጥ ያደረገን አንድ ጓደኛችን ነው።

ይህ ጓደኛችን ስሙ እንዳይነሣ፣ ታሪኩ ግን እንዲነገር ፈቅዶልናል። እርሱ መንጋጋውን ገጥሞ ሲነክስ የፊት ጥርሶቹ አይገናኙም፤ በላይኛውና በታችኛው መካከል እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ይቀራል። ከንፈሩም ካልታገለ በቀር አይገጥምም። በሰባተኛ ክፍል ሳለን ሸንኮራ ገዝተን በአጥሩ ሥር ተቀምጠን በጥርሳችን ስንልጥ፣ እርሱ በፊት ጥርሱ መላጥ ስለማይችል አንገቱን አጣሞ በጎን መንጋጋው ከልጣጩ ጋር ይታገል ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። «አፍህን ግጠም» የሚል ቅጽል ስም ያወጣንለት እኛው ነን። አፉን የማይገጥመው ከስንፍና የተነሣ ይመስለን ነበርና።

ባለፈው ዓመት ወላጆቹ ጥርስ ወደሚያይ ሰው ወሰዱት። ያም ሰው አፉን ከፍቶ ካየ በኋላ «የፊት ጥርሶቹ አጥረዋል፤ በሽቦ ተጐትተው ወደ ታች ይወርዳሉ» ብሎ ዋጋውን ተናገረ። አባቱም ገንዘብ ማጠራቀም ጀመሩ። በመካከሉ ግን አንድ ዘመድ ሌላ ሐኪም ዘንድ እንዲታይ መከረ፤ ሁለተኛው ሐኪም ፊቱን በጎን በኩል ራጅ አንሥቶ መስመር ካሠመረበት በኋላ የሰጠው ቃል ከፊተኛው ጋር ፈጽሞ የተቃረነ ነበር። «የፊት ጥርሱስ አላጠረም፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ረዝሟል። ነገሩን ያበላሸው የኋላው ነው» አለ።

ጓደኛችን ይህን በነገረን ጊዜ አንድም ሰው አልገባውም። ከኋላ ያለው ጥርስ ቢረዝም ከፊት ያለው ስለምን ይከፈታል? ጥያቄው አላስተኛን ስላለ ለባዮሎጂ መምህራችን አቀረብነው፤ እርሳቸውም «የክፍሉን በር ተመልከቱ» ብለው ወጡ። እኛም በሩን ተመለከትን።

አሁንም እናንተ ይህን የአዳራሹን በር ተመልከቱ። ከእኛ አንዱ በማጠፊያው አጠገብ፣ በበሩና በመቃኑ መካከል፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ያስገባል። ሌላው በሩን ይገፋል። እነሆ፤ ጠጠሯ ትንሽ ናት፤ በእጀታው በኩል ግን ጡጫ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀርቷል። ጠጠሯን ወደ ማጠፊያው ባስጠጋናት መጠን ክፍተቱ ይሰፋል። የታችኛው መንገጭላችንም እንዲሁ በር ነው። ማጠፊያው ከጆሯችን ፊት ነው፤ ጣታችሁን በዚያ አኑራችሁ አፋችሁን ብትከፍቱ ሲንቀሳቀስ ታገኙታላችሁ። እጀታው የፊት ጥርስ ነው። ጠጠሯ መንጋጋ ናት።

ቦንዊል የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ መንገጭላዎችን ለክቶ ከማጠፊያው እስከ ታችኞቹ የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት አራት ኢንች፣ ማለት 10 ሳንቲሜትር ያህል መሆኑን ጽፏል። የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች የሚገኙት በዚህ መንገድ እኩሌታ ገደማ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ማንም ያወጣዋል፤ ኋላ ላይ አንድ ሚሊሜትር ቢጨመር ፊት ላይ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይከፈታል። ሌላም ነገር አለ፤ መንገጭላው ሲዞር አገጩ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ፊትም ይረዝማል። ስለዚህ በአንድ የማይታይ መንጋጋ ቁመት የሰው መልኩ ይለወጣል ማለት ነው። ይህን ስንረዳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሸንኮራው ጊዜ የሳቅነው ሳቅ ትዝ አለንና እርስ በርሳችን ሳንተያይ ቀረን።

አሁን ይህ ቁመት እንዴት እንደሚለካ እንናገር። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። ራጅ በ1895 ከተገኘ በኋላ እንኳ የራስን ቅል እየለኩ ካንዱ ዓመት ወደ ሌላው ማነጻጸር አይቻልም ነበር፤ ሰውየው ጭንቅላቱን በትንሹ ካዘነበለ ሥዕሉ ይለወጣልና። በ1931 በአሜሪካ ብሮድበንት፣ በጀርመንም ሆፍራት፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፣ ጭንቅላትን በአንድ ቦታ አጽንቶ ከጎን በኩል ራጅ የማንሣት ዘዴ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በሥዕሉ ላይ ሁለት መስመር ይሠመራል። አንደኛው በአፍንጫ ወለል፣ ማለት በላንቃ አጥንት ላይ የሚሄድ ነው፤ ሁለተኛው በታችኛው መንገጭላ ግርጌ የሚሄድ ነው። ከላይኛው መስመር እስከ ላይኛው መንጋጋ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚወርደው የላይኛው ቁመት፣ ከታችኛው መስመር እስከ ታችኛው መንጋጋ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚወጣው የታችኛው ቁመት ይባላል። የሚለካባት መንጋጋ በስድስት ዓመት ዕድሜ ገደማ የምትበቅለው የመጀመሪያይቱ ቋሚ መንጋጋ ናት።

በርስቶንና ባልንጀሮቹ በ1978 ያወጡት መለኪያ፣ ለአካለ መጠን ለደረሱ ነጭ አሜሪካውያን ወንዶች የላይኛውን ቁመት 26 ሚሊሜትር ያህል፣ የታችኛውን 36 ሚሊሜትር ያህል ያደርገዋል። ለሴቶች 23ና 32 ገደማ ነው። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያ ነገር የወንድና የሴት መለኪያ አንድ አለመሆኑን ነው፤ የአንዲትን ልጅ መንጋጋ በወንድ ቁጥር መዝኖ «አጭር ነው» ማለት ስሕተት ነው። የአሜሪካኑን ቁጥር አንሥቶ በእኛ አገር ሰው ፊት ላይ እንደ ሕግ መጫንም እንዲሁ ነው፤ የፊት አጥንት ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ይለያያልና። ራጁም ራሱ ነገሩን በመጠኑ አግንኖ ያሳያል፤ በሥዕሉ ላይ ማስመሪያ አብሮ ካልተነሣ የተለካው ከእውነተኛው ይበልጣል። ይህችን ነገር እኛ ስላልዐወቅን የጓደኛችንን ራጅ በመጀመሪያ ቀን በክፍል ማስመሪያ ለክተን ትልቅ ግኝት አገኘን ብለን ጮኸናል።

ጥርስ አስተካካዮች ግን ይህን ቁመት ለረጅም ጊዜ አላተኰሩበትም ነበር። ምክንያቱም የሙያው አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል በ1899 የአገጣጠም መዛባትን በሦስት መደብ ሲከፍል የተመለከተው የመንጋጋዎችን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሆን ብቻ ነው። በመጀመሪያው መደብ መንጋጋዎቹ በሥፍራቸው ናቸው፤ ጉድለቱ በሌሎቹ ጥርሶች አሰላለፍ ነው። በሁለተኛው የታችኛው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በሦስተኛው የታችኛው ወደ ፊት አልፏል። አከፋፈሉ ቀላልና ጠቃሚ ስለሆነ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ነገር ግን ቤትን ርዝመቱን ብቻ ለክቶ የጣራውን ከፍታ እንደ መተው ያለ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ጣራውን የለካው ሹዲ የሚባል በቴክሳስ ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው። በ1964ና በ1965 በጻፋቸው ጽሑፎች የነገሩን ፍሬ እንዲህ አድርጎ አስረዳ፤ ልጅ ሲያድግ ሁለት እድገቶች ይሽቀዳደማሉ። አንደኛው በማጠፊያው በኩል የመንገጭላው ክንድ ወደ ላይ መርዘም ነው፤ ይህ አገጭን ወደ ፊት ያመጣል። ሁለተኛው የመንጋጋዎቹና የተተከሉበት አጥንት ከፍ ማለት ነው፤ ይህ አገጭን ወደ ታች ይገፋል። ሁለቱ እኩል ቢሄዱ ፊት ተመጣጥኖ ያድጋል። መንጋጋዎቹ ቢቀድሙ መንገጭላው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ፊት ይረዝማል፤ ፊት ጥርስ ይከፈታል። ማጠፊያው ቢቀድም መንገጭላው ወደ ፊትና ወደ ላይ ይዞራል፤ ፊት ያጥራል፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የታችኞቹን ይሸፍናሉ። ከእርሱ በፊት በኮፐንሃገን ብዮርክ የሚባል ሊቅ በልጆች መንገጭላ ውስጥ ትንንሽ የብረት ቅንጣቶች ቀብሮ ከዓመት ዓመት ራጅ እያነሣ፣ መንገጭላ በእውነት በእድገት ጊዜ እንደሚዞር በ1955 አሳይቶ ነበር። ቅንጣቶቹ አይንቀሳቀሱምና እንደ ችካል ሆነው መሰከሩ።

እንግዲህ ቁመቱ በየዓይነቱ መዛባት እንዴት እንደሚለያይ እንይ። የፊት ጥርሳቸው የማይገናኝና ፊታቸው ረዥም በሆነ ሰዎች ላይ የኋለኛው ቁመት፣ በተለይም የላይኛው፣ ከፍ ብሎ ይገኛል። የመንገጭላው ክንድ አጭር፣ ማዕዘኑም የተከፈተ መሆኑ የተለመደ ነው። የሚያስገርመው ግን በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የፊት ጥርሶቹም ቁመት ብዙ ጊዜ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ጥርስ ባልንጀራውን እስኪያገኝ ድረስ መውጣቱን አያቆምምና፣ መንገጭላው ወደ ታች ሲሸሽ የፊት ጥርሶቹ ከነአጥንታቸው ይከተሉታል፤ እስኪደክሙ ድረስ ይከተሉታል፤ በመጨረሻም ሳይደርሱበት ይቀራሉ። የጓደኛችን ነገር እንዲህ ነው። ሲስቅ ድዱ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ያ የመጀመሪያው ሰው እንዳለው የፊት ጥርሶቹ በሽቦ ቢጐተቱ ኖሮ፣ የረዘመው ይበልጥ ረዝሞ፣ ድዱም ይበልጥ ታይቶ፣ የአባቱም ገንዘብ አልቆ፣ ኋላ ላይ ያለችው ጠጠር እንዳለች ትቀመጥ ነበር።

ግን ፊት ጥርሱ የተከፈተ ሁሉ እንዲህ አይደለም። ጣቱን እስከ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቱ ሲጠባ የኖረ ልጅም ክፍተት ይኖረዋል፤ የእርሱ መንጋጋ ቁመት ግን ደኅና ሊሆን ይችላል፤ በእውነት ያጠሩት የፊት ጥርሶቹ ናቸው፤ ጣቱ ከልክሏቸዋልና። መጥባቱን ሲተው ብዙ ጊዜ ክፍተቱ በራሱ ይጠብባል። እንግዲህ ሁለት ልጆች አፋቸውን ቢከፍቱ ክፍተታቸው አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የተለየ ነው፤ ሳይለካም አይለይም።

በተቃራኒው፣ የላይኞቹ ጥርሶች የታችኞቹን ፈጽሞ የሚሸፍኑባቸው ሰዎች ፊታቸው አጭርና አራት ማዕዘን ሲሆን የኋለኛው ቁመታቸው ዝቅ ያለ፣ የፊተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው። በአንዳንዶቹ የታችኛው ጥርስ ጫፍ የላንቃቸውን ሥጋ እስኪያቈስል ድረስ ይነክሳል። ይህ ዓይነቱ ለዐይን ስለማያስከፋ ማንም ቅጽል ስም አያወጣለትም፤ ሕመሙ ግን ቀላል አይደለም።

በአንግል ሦስት መደቦች ብንሄድስ? እዚህ ላይ ቁመቱ ያን ያህል ቀጥ ያለ መልስ አይሰጥም፤ በየመደቡ ረዥም ፊትም አጭር ፊትም ይገኛልና። ዋናው ቁም ነገር ቁመቱ መደቡን ሊያከፋው ወይም ሊደብቀው መቻሉ ነው። አገጩ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ መንጋጋው ቢረዝም አገጩ ከቀድሞው ይልቅ ይሸሻል። አገጩ ወደ ፊት ያለፈ ልጅ ግን መንጋጋው ቢረዝም መንገጭላው ወደ ኋላ ስለሚዞር ጉድለቱ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያል፤ ቢያጥር ደግሞ ከእውነተኛው የበለጠ መስሎ ይታያል። ደግሞም ይህ ሁሉ የአማካይ ነገር ነው። የቁጥሮቹ ክልል እርስ በርሱ የተደራረበ ስለሆነ አንድ ሰው ረዥም መንጋጋ ይዞ ጥርሱ በደንብ ቢገጥም ልንደነቅ አይገባንም፤ ክንዱ አብሮ ረዝሞለት ይሆናል።

መንጋጋው ለምን ይረዝማል? ዘር ትልቅ ድርሻ አለው። ሊቃውንቱ የሚከራከሩበት ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የማኘኪያ ጡንቻ ኃይል ነው። በ1983 ፕሮፊትና ባልንጀሮቹ ፊታቸው የረዘመ ጐልማሶችን የመንከስ ኃይል ለክተው ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኙት፤ ጡንቻው መንጋጋውን መጫን ስላቃተው ይሆናል ተባለ። ነገር ግን እነርሱው ፊታቸው የረዘመ ልጆችን ሲለኩ ከሌሎች ልጆች ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ ድካሙ የመርዘሙ ምክንያት ሳይሆን ተከታዩ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው እኛ «ጠንካራ ቆሎ ቢበላ ይድናል» የሚለውን ምክር ለጓደኛችን ያልሰጠነው፤ ከመካከላችን አንዱ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ሰጥቶት ነበር።

ሁለተኛው በአፍ መተንፈስ ነው። ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው እጢ ያበጠበት ልጅ በአፉ ይተነፍሳል፤ አፉን ሲከፍት መንጋጋዎቹ ይለያያሉ፤ የተለያየ ጥርስም ይወጣል። በስዊድን ሊንደር አሮንሰን በ1970 እጢ ያስቸገራቸውን ልጆች ፊት ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሮ ልዩነት እንዳለው አሳየ። ሃርቮልድም የጦጣዎችን አፍንጫ ዘግቶ በአፋቸው እንዲተነፍሱ ሲያደርግ አገጣጠማቸው ተዛባ፤ ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ መልክ አልተዛቡም። በዚህ ቦታ አንድ ነገር ለወላጆቻችን ልንናገር እንወዳለን። በአገራችን ልጅ ጉሮሮው ሲታመም እንጥሉን የማስቈረጥ ልማድ አለ። እንጥል ግን ያ እጢ አይደለም፤ መቈረጡ አፍንጫን አይከፍትም፤ ደም እየፈሰሰ ልጅ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ጓደኛችንም በሕፃንነቱ እንጥሉ ተቈርጧል። አፍንጫው ግን እስከ አሥራ አንድ ዓመቱ ተዘግቶ ኖሯል።

ስለ ሕክምናው ባጭሩ እንናገራለን፤ እኛ ሐኪሞች አይደለንምና። ጥልቅ ለሚነክሰው ልጅ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ኋላ በላንቃው ላይ የታችኞቹ የሚያርፉበት ሰሌዳ ይደረግለታል፤ መንጋጋዎቹ ስለማይገናኙ ከፍ ይላሉ። ልጁ ገና በማደግ ላይ ካለ ይህ በደንብ ይሠራል፤ በጐልማሳ ላይ ግን ጠንካራው ጡንቻ መልሶ ይጫናቸዋል። መንጋጋ ማውጣት እንዲህ ሲቀል፣ የወጣ መንጋጋን ወደ አጥንቱ መመለስ ግን ለብዙ ዘመን የማይቻል ይመስል ነበር፤ መደገፊያ የለውምና፤ አንዱን ጥርስ ሲጫኑ ሌላው ይወጣል። ከ1970ዎቹ ወዲህ የላይኛውን መንገጭላ ቈርጦ ኋላውን ከፍ በማድረግ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ተስፋፋ። በ1999 ደግሞ የጃፓን ሐኪሞች በመንገጭላው አጥንት ላይ ትንሽ ሰሌዳ በብሎን አስረው፣ ከእርሷ ላይ በላስቲክ እየሳቡ የታችኞቹን መንጋጋዎች ጥቂት ሚሊሜትር በማስገባት የተከፈተን አፍ እንደ ዘጉ አስታወቁ። ጠጠሯን ማውጣት ይሉታል እንዲህ ነው። ከተመለሰው ጥቂቱ እንደገና መውጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ትንሽ አብልጦ ያስገባል።

አንድ ሌላ ቃል፣ ለሁላችንም የሚሆን። ከላይ ወይም ከታች አንድ መንጋጋ አስነቅለን ቦታውን ባዶ የተውን እንደሆነ በፊቱ ያለው ባልንጀራው ወደ ክፍተቱ እየወጣ ይረዝማል። ይህ በዓመታት የሚሆን ስለሆነ ማንም አያየውም።

ጓደኛችን ዛሬ ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው። የላይኛው መንጋጋው ቁመት፣ ማስመሪያው በሥዕሉ ላይ ያለበት ሁለተኛው ራጅ እንዳሳየው፣ 30 ሚሊሜትር ነው። ሐኪሙ እድገቱ እስኪያበቃ ጠብቀን ከዚያ በሰሌዳው ወይም በቀዶ ሕክምና እንወስናለን ብሎታል። አባቱ ለፊት ጥርሱ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አላነሡትም፤ ለዚህኛው ይሆናል ብለው አስቀምጠውታል። ቅጽል ስሙንም ትተነዋል፤ አንዳንዴ ከአፋችን ቢያመልጥ እርሱ ራሱ «የአንተስ መንጋጋ ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብሎ ይመልስልናል፤ ያን ጊዜ መልስ የምናጣው እኛ ነን።

የእርሱን ራጅ፣ መስመሩ የተሠመረበትን ወረቀትና ከኖራ የሠራነውን የሁለት ዓይነት መንገጭላ ምስል በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑረናል። ከሻይ በኋላ መጥታችሁ እንድታዩ እንጋብዛለን፤ ምስሉ ገና በደንብ ስላልደረቀ ግን ልጆች እንዳይነኩት አደራ። ጠጠሯንም ከበሩ ሥር አሁን እናነሣለን።